ከስልክ ሽቦ የተቀዳ መብራት

ባለፈው የእድራችን ስብሰባ መብራት ሄዶ በሻማ ስንነጋገር አንድ ወጣት «ድሮ ሰዎች ከስልክ ሽቦ መብራት ይቀዱ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀን። ያን ዕለት ዝም አልን። ትምህርታችን ከ6ኛ ክፍል ባያልፍም በጸሐፊነት ስንኖር ስልክና መዝገብ ከጠረጴዛችን ተለይተው አያውቁምና መልሱን እዚህ ጽፈናል።

ስልክ በ1876 እ.ኤ.አ. ሲፈጠር ከመብራት ኃይል ጋር ዝምድና አልነበረውም። የጥንቱ ስልክ ባትሪው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከሣጥኑ ጋር ነበር። መደወል ሲፈለግ እጀታው ይዞራል፤ እጀታው ማግኔቶ የምትባለውን ትንሽ ጄኔሬተር ያዞርና በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ደወል ያስጮኻል። ወደኛ አገር ስልክ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ባለ እጀታውን ስልክ በየገጠሩ ከተማ ያዞርን ሰዎች ዛሬም አለን።

ነገሩ የተለወጠው በ1893 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ሌክሲንግተን በምትባል ከተማ ነው። በየቤቱ ያለው ባትሪ ቀርቶ አንድ ትልቅ ባትሪ በማዞሪያው ቤት ተቀመጠ። ኋላ በብዙ አገር የተለመደው 48 ቮልት ሆነ፤ እንደ መኪና ባትሪ ያለ፣ እያንዳንዱ 2 ቮልት የሆነ 24 ተቀጣጥሎ ማለት ነው። ከተማው ሲጨልም ስልኩ የማይሞተው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት የለም፣ ስልኩ ግን ይጮኻል! ታዲያ ሰው ይህን ሲያይ ለምን አይመኝ?

ምኞቱ ግን ብዙ አያበላም። ሽቦው ቀጭን ነው፤ ማዞሪያውም ኃይሉን ቆጥቦ ነው የሚለቀው። ከአንድ መስመር የሚገኘው አንድ ዋት እንኳ አይሞላም። ባለ 60 ዋት አምፑል ለማብራት የሰፈሩ ሰው ሁሉ መስመሩን ቢያዋጣም አይበቃም። ደግሞም በሽቦው ላይ ኃይል ሲሳብ ማዞሪያው «ሰውዬው እጀታውን አንስቷል» ብሎ ያስባል። ከውጭ የሚደውል ሰው የሚሰማው ተይዟል የሚለውን ድምፅ ብቻ ነው።

ይህን ያወቅነው በመጽሐፍ አይደለም።

በ1980 ዓ.ም. ክረምት የእድሩ ጸሐፊ ነበርን። በሰፈሩ ስልክ የነበረው አንድ ጎረቤታችን ብቻ ነው፤ የአባላቱ መርዶ ሁሉ በእርሱ ቤት ይገባ ነበር። በማግስቱ ሒሳብ የሚሰማበት ቀን ነው፤ መብራት ሄደ፣ ላምባም ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ጎረቤታችን ቀድሞ ማዞሪያ ላይ የሠራ ሰው ነው። ከአሮጌ ሰሌዳ የወጣች የጥፍር ያህል አምፑል ነበረችው። «ጋሼ፣ አይሆንም፤ ሰው ቢደውልስ?» አልነው። «በዚህ ሌሊት ማን ይደውላል? አንድ ሰዓት ነው» አለን። እኛም መዝገባችንን ዘረጋን።

ብርሃኗ ትንሽ ብትሆንም ለአንድ ገጽ ትበቃ ነበር። መዋጮውን ቤት ለቤት ስንደምር ቆየን፤ ከዚያ እንቅልፍ ጣለን። እርሱም ቀድሞን ተኝቶ ነበር። አምፑሏ እስኪነጋ በራች።

ሲነጋ ጎረቤታችን አምፑሏን ነቅሎ የስልኩን ሽቦ በባዶ እጁ ሲመልስ ጣቱን ነዘረውና ጮኸ። የደወል ኃይል ከ75 እስከ 90 ቮልት ይደርሳልና ነው። ስልኩ እየተደወለ ነበር! ካንድ ሐኪም ቤት ነው። የአንድ አባላችን እናት ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ አርፈው፣ ልጃቸው ከአስክሬኑ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ሲደውል አድሯል።

ጥሩምባው ዘግይቶ ተነፋ፤ ድንኳኑም የተተከለው ለቀስተኛ ከመጣ በኋላ ነው። አባላችን «ስልኩ ተይዞ ነበር» ብሎ ብቻ አለፈ። ማን እንደያዘው አልጠየቀም፤ እኛም አልነገርነውም። ጎረቤታችንም ኋላ ሞተ። አባላችን ግን በሕይወት አለ፤ ይህንንም ጽሑፍ ያነባል።

ዛሬ በእጅ ስልክ ነው መርዶ የሚነገረው፤ እርሱም መብራት ከዋለ ካደረ ቻርጅ ያልቅበታል። አዲሱ የፋይበር መስመርም ከመስታወት የተሠራ ክር ስለሆነ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ የቤቱ መብራት ሲሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የጥሩምባ ነፊያችን አበል እንዳይቀር ለኮሚቴው አሳስበናል።

የዚያ ሌሊት ገጽ ከእድሩ ሣጥን ውስጥ አለ። ማየት ለሚፈልግ እናሳያለን፤ ድምሩ ትክክል ነው።