መንቀጥቀጥን ከመንቀጥቀጥ መለየት

ቋንቋችን መንቀጥቀጥን በአንድ ቃል ብቻ አይጠራውም። ወባ የያዘው ይንዘፈዘፋል፤ የፈራ ይርበደበዳል፤ ጉልበቱ የከዳው ይብረከረካል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ከሐኪም ፊት ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው «እጄ ይንቀጠቀጣል» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚህ አጭር አነጋገር በስተኋላ የተሰወሩት ደዌዎች ግን በምንጫቸውም ሆነ በፍጻሜያቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው። ከእነዚህም መካከል የፓርኪንሰን በሽታ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስና የዊልሰን በሽታ እንዴት ከእርስ በርሳቸው እንደተለዩ መመልከት፣ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን በሽታን ከበሽታ ለመለየት የተደከመው ድካም ከንቱ እንዳልነበረ ያስረዳናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ስለ ተንቀጥቃጭ ሽባነት የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመው በ1817 ነው። መጽሐፉ የቆመው በስድስት ሰዎች ታሪክ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ነበር፤ አንዱንማ ያየው ከሩቅ ብቻ ነው። ፓርኪንሰን የሬሳ ምርመራ የማድረግ ዕድል አልገጠመውም። ነገር ግን ዓይኑ አስተዋይ ስለነበረ ዋናውን ምልክት አላለፈውም፤ ይኸውም የእነዚህ ሰዎች እጅ የሚንቀጠቀጠው ሥራ ሲፈታና ተደግፎ ሲቀመጥ መሆኑን ነው። የሰውነታቸው ወደ ፊት መጉበጥና አረማመዳቸው ሳይፈልጉት ወደ ሩጫ መለወጡም ከመጽሐፉ ውስጥ ተመዝግቧል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ሳይጠራ ቆየ። የሚንቀጠቀጥና የሚደክም ሰው ሁሉ፣ ወጣትም ሆነ ሽማግሌ፣ «ተንቀጥቃጭ ሽባ» ይባል ነበር። ይህን ድብልቅልቅ ያጠራው ዣን ማርተን ሻርኮ ነው። ሻርኮ ከባልደረባው ከቩልፒያን ጋር በ1862 በፓሪስ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ሳልፔትሪየር በዚያን ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ድሆችና አሮጊቶች፣ ሕሙማንና አእምሯቸው የታወከ ሴቶች የሚኖሩበት ግዙፍ መጠለያ ነበር። ብዙዎቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከዚያው ስለማይወጡ፣ ሐኪሙ በሕይወት ሳሉ ያየውን ምልክት ከሞቱ በኋላ በአንጎላቸውና በኅብለ ሰረሰራቸው ላይ ከሚያገኘው ጉዳት ጋር ለማስተያየት ይችል ነበር። ፓርኪንሰን ያጣው ይህንኑ ነበር።

ሻርኮ የመለያውን መንገድ የጀመረው ከቀላል ጥያቄ ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው? ለዚህም አንድ ብርጭቆ ውሃ በቂው ነበር። ሕመምተኛይቱ ብርጭቆውን አንሥታ ወደ አፏ እንድታደርስ ይጠይቃታል። በጭኗ ላይ ጸጥ ብሎ የነበረው እጅ ለማንሣት ሲነሣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወደ አፏም በቀረበ መጠን እየባሰ ሄዶ ውሃውን ከደፋው፣ በሽታው የፓርኪንሰን አይደለም። በፓርኪንሰን ግን እጁ ሲያርፍ አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች ላይ አንዳች ነገር እንደሚያድቦለቡል ይመላለሳል፤ ለሥራ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ጋብ ይላል። ሻርኮ በዚህ ሳይወሰን የእጅን ንዝረት በመሣሪያ እያስመዘገበ ፍጥነቱን አመዛዝኗል፤ በሕሙማኑም ራስ ላይ ረጃጅም ላባ በማስደረግ የንቅናቄው ዓይነት ለተማሪዎቹ ጎልቶ እንዲታይ አድርጓል።

ሲንቀሳቀሱ ይንቀጠቀጡ የነበሩት ሴቶች ሬሳ ሲመረመር በአንጎላቸውና በኅብለ ሰረሰራቸው ውስጥ እዚህም እዚያም የተበተኑ የጠጠሩ ነቁጦች ተገኙ። ካርስዌልና ክሩቬልዬ እነዚህን ነቁጦች ቀደም ብለው ሥለዋቸው ነበር፤ ሥዕሉን ከሕያው ሕመምተኛ ምልክት ጋር አስማምቶ በ1868 ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ያስተማረው ግን ሻርኮ ነው። ዛሬ መልቲፕል ስክለሮሲስ የምንለው ይኸው ነው። ለሌላውም በሽታ «ተንቀጥቃጭ ሽባነት» የሚለው ስም እንደማይስማማው አመለከተ፤ ሕሙማኑ ሽባ አይደሉምና፣ ሁሉም አይንቀጠቀጡምና። ስለዚህ በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ።

ነገር ግን ሁለቱን የለየው ሕግ ሦስተኛውን ሸፈነው። እጁ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚንቀጠቀጥና አንደበቱ የሚጎተት ወጣት ሁሉ ወደ ስክለሮሲስ ይመደብ ጀመር። በ1883 ጀርመናዊው ካርል ቬስትፋል እንደዚሁ የታመሙ ሁለት ሰዎችን ሬሳ ቢመረምር አንድም ነቁጥ ሳያገኝ ቀረ። ያልታየውን እንዳየ አድርጎ አልጻፈም፤ በሽታውንም «ሐሰተኛ ስክለሮሲስ» ብሎ ጠራው። ስሙ የሚናገረው በሽታው ምን አለመሆኑን እንጂ ምን መሆኑን አልነበረም፤ ቢሆንም በሩን ክፍት አድርጎ ተወው።

በዚህ በር የገባው ብርሃን ከነርቭ ሐኪሞች ብቻ የመጣ አልነበረም። በ1902 ካይዘር፣ በ1903 ደግሞ ፍላይሸር የተባሉ የዓይን ሐኪሞች በኮርንያ ዳርቻ ዙሪያ አረንጓዴና ቡናማ መልክ ያለው ቀለበት አይተው ገለጹ፤ የካይዘር ሕመምተኛ መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለበት ይታመን ነበር። በ1912 የለንደኑ ሳሙኤል ኪኒየር ዊልሰን የወጣቶችንና የወንድማማቾችን ሕመም መርምሮ፣ በአንጎል ውስጥ ጠልቆ የሚገኘው ምስር መሰል ክፍል መበላሸቱንና ጉበታቸውም ጠጥሮ መገኘቱን አስታወቀ። ዊልሰን በሽታው በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገም ቢሆንም የሚወረስ አይደለም ብሎ ነበር፤ በ1921 ሆል የዊልሰንን በሽታና ሐሰተኛውን ስክለሮሲስ በአንድ አጠቃልሎ ውርስ መሆኑን አስረዳ። በ1948 ደግሞ ከሚንግስ በአንጎልና በጉበት ውስጥ ከልክ ያለፈ መዳብ መከማቸቱን በሚገባ አረጋገጠ። ጉበቱን የሚያጠጥረው፣ አንጎልን የሚጎዳውና በዓይን ላይ ቀለበት የሚሠራው ይኸው መዳብ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ሁሉ አንድም ሕመምተኛ አላዳነም። ዊልሰን የገለጻቸው ሕሙማን ዕጣቸው ሞት ነበር። በዘመኑ «መለየቱ ለሕመምተኛው ምን ይረባዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልስ ለመስጠት አስቸጋሪ በሆነ ነበር። መልሱ የመጣው በ1956 ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዋልሽ ፔኒሲሊን በሚወስዱ ሰዎች ሽንት ውስጥ ያገኘው ፔኒሲላሚን የተባለው ንጥረ ነገር መዳብን አጣብቆ በሽንት ሊያስወጣ እንደሚችል አስቦ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አድርጎ አቀረበው። ከዚያ በፊት የነበረው ሕክምና የሚያሠቃይ መርፌ ነበር። መድኃኒቱ ሲገኝ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ የታወቀው ቬስትፋልና ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሁሉ የበሽታውን ስፍራ ለይተው ስላቆዩ ነው። ሁሉም በስክለሮሲስ ስም ተደባልቀው ቢቀሩ ኖሮ፣ መድኃኒቱ ባለቤቱን ባላገኘ ነበር።

ዛሬ የሦስቱ በሽታዎች ሕክምና በሦስት መንገድ ይሄዳል፤ ለፓርኪንሰን የጎደለውን ዶፓሚን መተካት፣ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነትን የመከላከል ኃይል መግራት፣ ለዊልሰን መዳቡን ማስወጣት ወይም በዚንክ ወደ ደም እንዳይገባ ማገድ። አንዱን በሌላው ስም ማከም ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን፣ በዊልሰን በሽታ ረገድ የሚመለሰውን ጉዳት የማይመለስ ማድረግ ነው።

ብዙ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ለሚሠራ ባልደረባም ይህ ታሪክ የሚያቀርበው ስንቅ አለ። እጅ በጭን ላይ አርፎ ሳለ ማየት፣ ከዚያም ብርጭቆ ማስነሣት ወጪ አይጠይቅም። የሚንቀጠቀጠው ወጣት ከሆነ ግን ብርጭቆው አይበቃም፤ ጉበቱን መመርመር፣ ዓይኑን ወደ ዓይን ሐኪም ልኮ ማስመርመር፣ ስለ እኅት ወንድሞቹም መጠየቅ ያስፈልጋል። በሽታው ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ በመሆኑ፣ የአንድ እናትና አባት ልጅ የሆነ እኅት ወይም ወንድም በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እነዚህን ቤተሰቦች ፈልጎ ያገኘ ሐኪም፣ እጁ ገና ያልተንቀጠቀጠውን ታናሽ ወንድም ጭምር ለማዳን ይችላል።