ፈውስና መስማት፤ ስትሬፕቶማይሲን የጆሮን ምርመራ እንዴት እንደ ለወጠ

ለወባ የሚሰጠው ኪኒን ጆሮን እንደሚያስጮኽ ሐኪሞች ከብዙ ጊዜ በፊት ያውቁ ነበር። ነገር ግን ጩኸቱ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ጆሮን በመለኪያ መከታተል እንደ ግዴታ አልተቈጠረም። ይህን አስተሳሰብ የለወጠው የስትሬፕቶማይሲን ታሪክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለውጡ በምን ምክንያትና በምን መንገድ እንደ መጣ መመርመር ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1943 በአሜሪካ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ተማሪ አልበርት ሻትዝ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1948 ባወጣው ጥናት፣ መድኃኒቱን ካገኙት 55 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በ6 ወር ውስጥ የሞቱት 4 ሲሆኑ፣ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሕሙማን ግን 14 ሞቱ። ጥቅሙ በዚህ መጠን የተገለጠ ነበር። ሆኖም በማዮ ክሊኒክ መድኃኒቱን የሞከሩት ሂንሾውና ፌልድማን ገና በ1945 የውስጥ ጆሮው የሚዛን ክፍል እንደሚጐዳ አመልክተው ነበር። በብሪታንያው ጥናትም ብዙዎቹ ሕሙማን ራሳቸውን አዞራቸው።

ይህን ለማስወገድ በ1946 ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን ተዘጋጀ። አዲሱ መድኃኒት ለሚዛን የተሻለ መስሎ ታየ፤ ግን የመስማትን ኃይል ይበልጥ ጐዳ። ጉዳቱም አንዳንድ ጊዜ የሚገለጠው ሕክምናው ካበቃ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነበር። ስለዚህ የሕመምተኛውን እሮሮ ጠብቆ መድኃኒቱን ማቆም በቂ እንዳልሆነ ታወቀ።

ምክንያቱ ከጆሮ አሠራር ይገኛል። እንደ ቀንድ አውጣ በተጠቀለለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። መድኃኒቱ አስቀድሞ የሚያጠፋው ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉትን ነው፤ በሰው ላይ ደግሞ የሞቱት አይተኩም። የሰው ንግግር በአመዛኙ ከዚያ ወፍራም በሆነ ድምፅ ላይ ስለሚያርፍ፣ ሕመምተኛው ንግግር መስማት ሲያቅተው ጉዳቱ ሩቅ ሄዷል ማለት ነው።

ምርመራውም ይህንኑ ተከተለ። የተለመደው ኦዲዮሜትር እስከ 8,000 ሄርዝ ሲለካ፣ ከዚያ በላይ ያለውን የሚለካ መሣሪያ ጉዳቱን ቀድሞ ያሳያል። በ1978 ዴቪድ ኬምፕ ጆሮ ራሱ ድምፅ እንደሚያወጣ ስላስረዳ፣ መልስ መስጠት የማይችል ሕፃን እንኳ የሚመረመርበት በር ተከፈተ። በ1994 የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ የድምፅ ደረጃ የ20 ዴሲቤል፣ ወይም በሁለት ተከታታይ ደረጃዎች የ10 ዴሲቤል መቀነስ እንደ ጉዳት ይቈጠራል። ነገር ግን ቅነሳ የሚታወቀው የመጀመሪያው ልክ ሲኖር ብቻ ነው። የነቀርሳ ማጅራት ገትር ራሱ ጆሮን ስለሚጐዳ፣ አስቀድሞ ያልተመረመረው ሕመምተኛ መስማት የተሳነው በበሽታው ይሁን በመድኃኒቱ መለየት አይቻልም።

ጕዳዩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል መድኃኒት ለተላመደው ነቀርሳ ሕክምና ሲጀመር፣ በዚያን ዘመን የነበረው ሕክምና ለወራት የሚወሰዱ የዚሁ ዓይነት ጠባይ ያላቸው መርፌዎች ነበሩበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መመሪያው ካናማይሲንንና ካፕሪዮማይሲንን አስወጣ፤ አሚካሲንንም ጉዳቱን መከታተል በሚቻልበት ቦታ ብቻ ፈቀደ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ይህ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ሐኪሙ የሚጠይቀው «ሕመምተኛው ይድናል ወይ?» ብሎ ነበር፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር፣ ሞት በደጅ ነበርና። የጆሮ ምርመራ ታሪክ ግን «ድኖ እንዴት ይኖራል?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ጨመረበት። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ጆሮው ሲለካ ነው።