ክሎኤ፦ ከቡቃያ እስከ ልብስ መለያ

ስም የታሪክ ምስክር ነው፤ ሆኖም ምስክርነቱ ሳይመረመር አይታመንም። ብዙ ተማሪዎች በአንድ ዕቃ ላይ የተጻፈ ስም ሲያዩ የመሥራቹ ስም ይመስላቸዋል። ፎርድ የሄንሪ ፎርድ፣ ሻኔልም የኮኮ ሻኔል ስም መሆናቸው እውነት ነው። ክሎኤ ስለተባለው የፓሪስ ልብስ ድርጅት ሲሆን ግን ይህ ግምት አይሠራም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የስሙን ምንጭ እንመልከት። ክሎኤ የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙ ከመሬት ብቅ ያለ ለጋ ቡቃያ ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች የእህል አምላክ ብለው የሚያመልኳትን ዴሜትርን በዚህ ቅጽል ይጠሯት ነበር፤ በአቴና በአክሮፖሊስ አጠገብም በዚሁ ስም መቅደስ ነበራት። እንግዲህ ስሙ የበቀለው ከገበሬው ማሳ ነው። በሮማውያን የአገዛዝ ዘመንም ሎንጉስ የተባለው ደራሲ «ዳፍኒስና ክሎኤ» በተሰኘው የግሪክኛ ልብ ወለዱ ስሙን ለአንዲት እረኛ ሰጣት። ዣክ አሚዮ ይህን መጽሐፍ በ1559 ወደ ፈረንሳይኛ በመለሰው ጊዜ፣ ስሙ ከነታሪኩ ለፈረንሳይ አንባብያን ደረሰ።

ለአማርኛ አንባቢም ስሙ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 11 ላይ «ቀሎዔ» ተብሎ የምናገኘው ይኸው ስም ነው። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ምእመናን መካከል ክርክር መነሣቱን የሰማው ከዚህች ሴት ቤተ ሰዎች ነበር። ከዚህ በቀር ስለ እርሷ መጽሐፉ የሚለው ነገር የለም። ስሟ ቀረ፤ ሕይወቷ ግን አልተመዘገበም።

የልብስ ድርጅቱ ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። መሥራቿ ጋቢ አጊዮን በ1921 በግብፅ፣ በእስክንድርያ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1945 ከባለቤቷ ጋር ወደ ፓሪስ ሄደች። በዚያን ጊዜ ስመ ጥር የፓሪስ ስፌት ቤቶች ልብስ የሚሰፉት የእያንዳንዷን ደንበኛ ልክ እየወሰዱ ነበር፤ ዋጋውም ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነበር። ተሰፍቶ የሚሸጠው ልብስ ደግሞ በአብዛኛው በጥራት ዝቅ ያለ ነበር። አጊዮን በጥሩ ጨርቅና በጥንቃቄ የተሰፋ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ልብስ ለማቅረብ አሰበች። በ1952 በስድስት ቀሚሶች ሥራዋን ጀመረች። በሚቀጥለው ዓመት ዣክ ለኑዋር ሸሪኳ ሆነ።

ታዲያ ክሎኤ ማን ነበረች? የአጊዮን ጓደኛ ነበረች። አጊዮን የራሷ ስም ለልብስ የሚስማማ አልመሰላትም። የጓደኛዋ ስም ግን የወጣትነት ስሜት ያለበት፣ ሲጻፍም ፊደላቱ ክብ ክብ ሆነው የሚያምሩ በመሆናቸው መረጠችው። ስለዚህ በቆሮንቶሷ ቀሎዔ ስሙ ቀርቶ ሰውዬዋ ስትጠፋ፣ በፓሪስ ደግሞ ሠራተኛዋ በሌላ ሰው ስም ተጋረደች። አጊዮን ድርጅቱ በ1985 እስኪሸጥ ድረስ መርታው፣ በ2014 ዓለምን ተሰናበተች። ሆኖም እንደ ካርል ላገርፌልድ ያሉት፣ ለድርጅቱ የልብስ ንድፍ ያወጡ የነበሩት ሰዎች ከእርሷ ይበልጥ ይታወቃሉ።

ተመሳሳይ ነገር በአገራችንም እናገኛለን። ኢትዮጵያዊቷ ሞዴል ሊያ ከበደ የአገር ሸማኔዎች ሥራ ገበያ እንዲያገኝ በማሰብ በ2007 ያቋቋመችው የልብስ ድርጅት «ለምለም» ይባላል። ለምለም ደግሞ ለሴት ልጅ የምናወጣው ስም ነው፤ ትርጉሙም ከክሎኤ ጋር እጅግ ይቀራረባል። አንዱ ከሌላው የተቀዳ አይደለም፤ በእርሻ የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦች፣ በየራሳቸው ቋንቋ፣ የልጅን ውበት በቡቃያ መስለውታል።

ከዚህ መምህሩ ለክፍሉ ጥሩ መልመጃ ያገኛል። ተማሪዎች በልብስ ወይም በዕቃ ላይ ስም ሲያነቡ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቁ፦ የስሙ ትርጉም ምንድን ነው? ስሙ የማን ነው? ዕቃውን የሠራው እጅ የማን ነው? የመጀመሪያውን መልስ መዝገበ ቃላት ይሰጣል፤ ሁለተኛውን መጻሕፍት። የሦስተኛውን መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጻፈው የለም። የሸማኔውና የሰፊው ስም በጨርቁ ላይ አይገኝም፤ ስለሆነም የታሪክ ተማሪ ሄዶ ጠይቆ መመዝገብ ይኖርበታል።