የዳን ሞርገንስተርን የስደት ቤት

የጃዝ ታሪክ ጸሐፊው ዳን ሞርገንስተርን የሙዚቃ ፍቅሩን ከቤቱ ወረሰ ቢባል ሐሰት አይደለም፤ እናቱ የዴንማርካዊው የሙዚቃ ደራሲ የፓውል ፎን ክሌናው ልጅ፣ አይሁዳዊው አባቱ ሶማ ደግሞ የሙዚቃ ደራሲው የአልባን በርግ ወዳጅ የሆነ ጸሐፊ ነበርና። ይህ ግን እኩሌታው ነው፤ ለጃዝ ያበቃው ስደቱ ነው እላለሁ። ናዚዎች በ1938 እ.ኤ.አ. ቤተሰቡ ይኖርባት የነበረችውን ኦስትሪያን ሲይዙ አባት ወደ ፈረንሳይ፣ እናትና ልጅ ወደ ዴንማርክ ሸሹ። ልጁ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹን ፋትስ ዎለርን በመድረክ ያየው እዚያው ኮፐንሃገን ነው፤ ያውም በዚያው ዓመት! በ1943 የዴንማርክ አይሁዶች ሊታፈሱ ሲሉ ባሕር ተሻግሮ ስዊድን ገባ፤ አባቱ ግን ከፈረንሳይ የእስረኞች ካምፕ አምልጦ ቀድሞ ኒውዮርክ ደርሶ ነበር። «የጃዝ ሸክላ ቪየናም ይሰማ ነበር» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሆኖም በ1947 አባቱ ወዳለበት አገር ያሻገረው ሸክላ አይደለም፣ የተበተነ ቤተሰብ ነው። ከ1976 ጀምሮም ለአሥርተ ዓመታት የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲን የጃዝ ጥናት ተቋም መራ።