የቀለበት ጥሩር

ትንንሽ የብረት ቀለበቶችን በማቆላለፍ የሚሠራ የጦር ልብስ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ቫሮ የኬልት ሕዝቦች የሆኑት የጎሎች ፈጠራ እንደሆነ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ሩማንያ ውስጥ ቹሜሽት ላይ ከኬልቶች መቃብር የወጣው ጥሩርም ይህን የሚደግፍ ይመስላል። በአውሮፓ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቀለበት ከሌሎች አራት ጋር ይያያዛል። ሽቦው በዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ይቆረጣል፤ የቀለበቱ ጫፎች ተደራርበው ይቀጠቀጣሉ፣ ይበሳሉ፣ በቀጭን ሪቬት ይታሰራሉ። ለዛሬ ትርኢት የሚሠራው አብዛኛው ግን ጫፍ ለጫፍ የተገጠመ ብቻ ስለሆነ ጦር ቢያርፍበት በቀላሉ ይከፈታል። የአጥኚዎች ዋና ፈተና ዝገት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ ውስጥ ሳተን ሁ ላይ የተገኘው ጥሩር ተጣጥፎ እንደተቀመጠ ዝጎ ድፍን ጓል ሆኗል። 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ቀለበቶቹ አሠራራቸው የተለየው በራጅ ነው፤ ሪቬቶቹ የመዳብ ናቸው።