ስለ ጥርስ ትልና ስለ ጥርስ ሥር ሕክምና አጭር ታሪክ

ሌሊትን ከሚያስረዝሙ ሕመሞች አንዱ የጥርስ ሕመም ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው የጎጃም ደጋ ጥርሱ የታመመ ሰው «ጥርሴን ትል በላው» ይላል። ሕክምናውም ከዚሁ እምነት የተነሣ ነው። የአስተናግር ፍሬ በፍም ላይ አድርጎ ጢሱን በአፍ መቀበል፤ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅርንፉድ በጥርሱ ጉድጓድ መወተፍ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ ወደ ወጌሻ ሄዶ በጉጠት ማስነቀል ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። የጥንት ባቢሎናውያን ስለ ጥርስ ትል በሸክላ ጽላት ጽፈዋል። በአውሮፓም ብዙ ዘመን ሲታመን ኖሮ፣ ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም በ1728 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ትሉን እንዳላገኘው ገለጸ።

ታዲያ ጥርስን የሚበላው ምንድን ነው? ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በ1683 ከጥርስ ላይ የተፋቀውን ነጭ እድፍ በአጉሊ መነጽር ቢያየው የሚንቀሳቀሱ ረቂቅ ፍጥረታት ሞልተውበት አገኘ። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሚለር ደግሞ በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባክቴሪያ የሚባሉት እነዚህ ተሕዋስያን ከምግባችን ስኳር አሲድ እየሠሩ ጥርስን እንደሚያቦረቡሩ አስረዳ። በ1965 በአሜሪካ የተደረገ ምርመራ ነገሩን አጸናው። ከባክቴሪያ ነጻ ሆነው ባደጉ አይጦች ጥርሱ ተበስቶ ቢተውም የውስጡ ሥጋ አልሞተም፤ በተራዎቹ አይጦች ግን በስብሶ ሞተ።

ጥርስ ውስጡ ባዶ አይደለም። እስከ ሥሩ ጫፍ በሚወርድ ጠባብ ቦይ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ባክቴሪያ እዚያ ሲገባ ሥጋው ይሞታል። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ጸጥ ስለሚል ሰውየው «ተወኝ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ተሕዋስያኑ ግን በቦዩ ውስጥ ይራባሉ። ደም ወደዚያ ስለማይደርስ የሚዋጥ መድኃኒትም አያገኛቸውም። መግሉ ወደ መንጋጋና ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽን እስከ መዝጋት ይደርሳል።

ስለዚህ ሐኪሞች ጥርሱን ሳይነቅሉ ቦዩን ማጽዳት ጀመሩ። አሜሪካዊው ባርነም በ1864 ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱን በስስ ላስቲክ መለየትን አስተማረ። በ1895 የተገኘው ራጅ ሥሩን ለማየት አስቻለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ እንግሊዛዊው ዴኪን የወታደሮችን ቁስል ከመቶ 0.5 እጅ በሆነ የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ውኃ ማጠብን ሠራ። ይህ ፈሳሽ በየቤታችን ልብስ ከምናነጣበት በረኪና ጋር አንድ ዘር ነው፤ በኋላም ወደ ጥርስ ሕክምና ገባ። ነገር ግን ሐኪሙ መጥኖ በጥንቃቄ የሚጠቀምበት ስለሆነ ማንም በቤቱ በረኪና ወደ አፉ እንዳያስገባ እናሳስባለን። ጀርመናዊው ሄርማን ደግሞ በ1920 የኖራ ወገን የሆነውን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ለጥርስ ሥር አዋለ።

በ1981 ቢስትሮምና ሱንድክቪስት የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት ቦዩን በብረት መሣሪያ እየፋቁ በጨው ውኃ ብቻ ቢያጥቡት፣ የባክቴሪያው ብዛት ከ100 እስከ 1000 እጥፍ ቀነሰ፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ ጥርሶች ፈጽሞ አልጠፋም። ሃይፖክሎራይት ሲጨመር ውጤቱ ተሻሻለ። በቦዩ የቀሩት ግን በቀጠሮዎቹ መካከል እንደገና ይበዙ ነበር። ስለዚህ በቀጠሮው መካከል የኖራው መድኃኒት በቦዩ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመጨረሻም ቦዩ ይሞላል፤ ጥርሱም በደንብ ይደፈናል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የሕመም መጥፋት የበሽታ መጥፋት አለመሆኑን ነው። ከገጠር የሚመጣ ገበሬ በመጀመሪያው ቀን ሕመሙ ከቀለለለት ለሁለተኛው ቀጠሮ ያን ሁሉ መንገድ መመለሱ ከንቱ ድካም ሊመስለው ይችላል። ሥራው ግን ገና በእኩሌታው ነው። የአዋቂ ጥርስ አንድ ጊዜ ከተነቀለ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ጥርሳችንን በወይራ መፋቂያም ሆነ በብሩሽ ዘወትር እያጸዳን ሳይቃጠል በቅጠል እንበል። ወላጆቻችን «ጥርሴ ተወኝ» ሲሉን ደግሞ ዝም ብለን አንለፍ፤ ለገበያ ወደ ከተማ በወጡበት ቀን እጃቸውን ይዘን ወደ ሐኪም እናድርሳቸው፤ የቀጠሮውንም ቀን እኛው እናስታውሳቸው።