ዝምታ መቼ ነው ሞት የሚሆነው?

አንድ ባንክ የደንበኞቹን ሒሳብ የሚይዝበትን የመረጃ ቋት ለአንድ ሰርቨር ብቻ አምኖ አይሰጥም። አንዱ ሲሠራ ሌላው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዲስኩ ግን የጋራ ነው። የሚሠራው ድንገት ቢወድቅ ተጠባባቂው ማንንም ሳያስፈቅድ ዲስኩን ተረክቦ ይቀጥላል። ወረፋ ላይ የቆምነው እኛ ነገሩን ሳናውቀው ያልፋል።

ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና «ከኮምፒዩተር ጋር ምን አገናኘህ?» ትሉኝ ይሆናል። የሳበኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ተጠባባቂው የባልንጀራውን መሞት በምን ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ1974 ጂሚ ትሬቢግ ከባልደረቦቹ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ ታንደም የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። በሠሩት ማሽን ውስጥ ያሉት ፕሮሰሰሮች በየሰከንዱ እርስ በርስ «አለሁ» ይባባላሉ። «አለሁ» ማለት ያቆመው እንደ ሞተ ተቆጥሮ ሥራውን ሌላው ይወስዳል።

ግን እኮ ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም! መገናኛው ገመድ ተበጥሶ፣ ወይም ሥራ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብለው በአንድ ዲስክ ላይ ይጽፋሉ። ሁለት ጸሐፊዎች ሳይተያዩ በአንድ መዝገብ ላይ ሲጽፉ አስቡት። የማን ገንዘብ የት እንደገባ ማን ይለየዋል?

በ1983 ዲጂታል የተባለው ኩባንያ ቫክስክላስተርን ሲያስተዋውቅ ያመጣው መፍትሔ ከስብሰባ አዳራሽ የምናውቀው ነው፦ ምልዓተ ጉባኤ። በቂ ድምፅ የሌለው ወገን እጁን ሰብስቦ ይቆማል። ማሽኖቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ አንድ ዲስክ ሦስተኛ ድምፅ ሆኖ ይቆጠራል። ኋላ የመጡት ደግሞ ጨከን አሉ። ተተኪው ዲስኩን ከመንካቱ በፊት የዝምተኛውን ኤሌክትሪክ ያስቆርጣል። የሊኑክስ ባለሙያዎች ለዚህ ያወጡለት ስም ሲተረጎም «ያኛውን ጭንቅላቱን በጥይት በለው» እንደ ማለት ነው። ሞቷል ብሎ ከመገመት መሞቱን ማረጋገጥ ይሻላል ባይ ናቸው።

በታንደም ይሠራ የነበረው ጂም ግሬይ በ1985 ኮምፒዩተሮች ለምን እንደሚቆሙ የሚመረምር ጥናት ጻፈ። ካያቸው ብልሽቶች ከሃርድዌር የመጡት 18 በመቶ ሲሆኑ ከአስተዳደርና ከሰው እጅ የመጡት 42 በመቶ ነበሩ። ይኸው ሰው ጥር 2007 የእናቱን አመድ ባሕር ላይ ሊበትን ከሳን ፍራንሲስኮ ብቻውን በጀልባ ወጣ። ድምፁ ጠፋ። የባሕር ጠባቂዎች ፈለጉት፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶግራፍ እያገላበጡ ፈለጉት። አልተገኘም። ፍርድ ቤት ሞቷል ብሎ የወሰነው በ2012 ነው።

ማሽን በሰከንዶች የሚቆርጠውን ነገር ሰው አምስት ዓመት ጠበቀው። ማሽኑ ስለሚፈጥን ብቻ አይደለም፤ የተጠራጠረውን አጥፍቶ ጥርጣሬውን እውነት ማድረግ ስለሚችል ነው። ለባንክ መዝገብ እሰየው፣ እንዲህ ይሁን። ለሰው ግን በሩን ገርበብ አድርጎ መጠበቅ ግድ ነው።